በማሳ የሚበላው፣ በቁልቁለት የሚያጋልጠው የትራክተር ፍሬን

ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው የፍሬንን ጥቅም ማስረዳት አያስፈልግም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሐይቅ ከተማ ደግሞ 2 ሺህ ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሐይቅ ወዲያ በሱሉላ አድርጎ ወደ አምባሰሏ ውጫሌ የሚዘልቀውም፣ በቢስቲማ በኩል ወደ ጭፍራ የሚወርደውም ቢሆን ዳገትና ቁልቁለት አይለየውም። ዋናውን መንገድ ለቆ ወደ ቀበሌ የሚገባው ኮረኮንችማ ይብሳል።

በእነዚህ መንገዶች ላይ፣ በአይሱዙና በሚኒባስ መካከል፣ ቀለሙ የነጣ አሮጌ ትራክተር ተሳቢ እየጎተተ ሲያልፍ ማየት እንግዳ አይደለም። ተሳቢው ላይ እህል በጆንያ ወይም ጭድ ተጭኗል፤ ከጭነቱ በላይ ደግሞ ሰው ተቀምጧል። ሾፌሩ ይህን ሁሉ ክብደት የሚይዘው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ውስጥ በተደበቁ ሁለት የብረት ታምቡሮች ብቻ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለእነዚህ ታምቡሮች ነው፤ ለምን እንደሚበሉ፣ መቼ መቀየር እንዳለባቸውና ሲቀየሩ ምን አብሮ መሠራት እንዳለበት።

በተሁለደሬም ሆነ በአምባሰል አብዛኛው እርሻ ዛሬም በበሬ ነው። መሬቱ ጠባብና የተበጣጠሰ፣ ተዳፋት የበዛበት ነው። ትራክተር የሚገባው ሜዳ ሜዳውን መርጦ ሲሆን የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ በኪራይ ነው። ለኪራይ ከሚሠሩት መካከል ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ሲተላለፉ የኖሩ አሉባቸው። ከእነዚህ ውስጥ በአገራችን በይበልጥ የሚታወቀው ማሲ ፈርጉሰን ነው።

ማሲ ፈርጉሰን 135 የሚባለው ሞዴል እንግሊዝ ውስጥ ኮቨንትሪ በሚገኘው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 ድረስ ተመርቷል። ከእሱ የሚቀድመው 35 የተባለው ደግሞ የ1950ዎቹ ሥራ ነው። እንግዲህ ከዚያ ፋብሪካ የወጣው የመጨረሻው 135 እንኳ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው። ሆኖም ባለ 3 ሲሊንደሩ የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ለጥገና የማያስቸግር፣ በቀላሉ የሚፈታና የሚገጠም በመሆኑ ትራክተሩ ዛሬም ያርሳል። ባለቤቶቹም ሞተሩን አይረሱትም፤ ማጨስ ሲጀምር ይደነግጣሉ፣ ዘይቱን በጊዜው ይቀይራሉ። ፍሬኑ ግን እንዲህ ዓይነት ባለቤት የለውም። ሲላላ ማሳ ውስጥ ብዙም ስለማይታወቅ ሰው ይለምደዋል።

የዚህ ትራክተር ፍሬን አሠራር ቀላል ነው። በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ውስጥ የውስጥ ስፋቱ 14 ኢንች፣ ማለትም 35 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ የብረት ታምቡር አለ። ታምቡሩ ከጎማው ጋር ይዞራል። በውስጡ 2 ኢንች፣ ይኸውም 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሸራ የለበሱ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ብረቶች ተቀምጠዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ እነዚህ ብረቶች ወደ ውጭ ተከፍተው ሸራቸው የታምቡሩን የውስጥ ግድግዳ ይይዛል። ፔዳሉንና ሸራውን የሚያገናኘው የብረት ዘንግ ነው፤ እንደ መኪና የፍሬን ዘይት የለውም። ስለዚህ መኪና የለመደ ሾፌር ፍሬኑ ሲላላበት ደጋግሞ ቢረግጥ የሚያገኘው ነገር የለም። በመጀመሪያው እርግጫ ያልያዘ በአሥረኛውም አይዝም። የፊት ጎማዎቹ ደግሞ ጭራሹኑ ፍሬን የላቸውም።

ሌላው ከመኪና የሚለየው ነገር ፔዳሉ ሁለት መሆኑ ነው። በቀኝ እግር በኩል ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ፔዳሎች አንዱ የግራውን፣ አንዱ የቀኙን ጎማ ብቻ ይይዛሉ። ማሳ ውስጥ ትልሙ ጫፍ ሲደርስ ሾፌሩ መሪውን አዙሮ የአንዱን ወገን ፔዳል ብቻ ይረግጣል፤ ያኛው ጎማ ቆሞ ትራክተሩ በጠባብ ቦታ ይዞራል። ወደ መንገድ ሲወጣ ግን ሁለቱ ፔዳሎች በመቆለፊያቸው ተጣምረው በአንድ ላይ መረገጥ አለባቸው።

የችግሩ ምንጭ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ለትራክተር ጠባብ ማሳ ማለት ብዙ መዞር ማለት ነው። አንድ ቀላል ስሌት እንውሰድ። አንድ ጥማድ መሬት፣ 50 ሜትር በ50 ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ምልልስ 60 ሳንቲ ሜትር በሚያርስ ማረሻ ለመጨረስ 83 ጊዜ ያህል መዞር ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ አራት ጥማዶች በተለያየ ቦታ ቢሆኑ ዙሩ ከ330 በላይ ይሆናል። ያው አንድ ሄክታር መሬት በአንድ ቦታ፣ 100 ሜትር በ100 ሜትር ሆኖ ቢገኝ ግን 167 ገደማ ዙር ይበቃው ነበር። በሌላ አነጋገር ትራክተሩ ያረሰው መሬት እኩል ሆኖ ሳለ ፍሬኑ የሠራው ሥራ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ሾፌር ልማድ አለው፤ ማሳው በገደል ወይም በእርከን የታጠረ ከሆነ ደግሞ ወዶ ሳይሆን ተገድዶ ወደ አንድ ወገን ይዞራል። ስለዚህ አንዱ ታምቡር ከሌላው ቀድሞ ይበላል።

አንዱ ወገን የተበላ ፍሬን ማሳ ውስጥ ብዙ ጉዳት ላያደርስ ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው ፔዳሎቹ ተቆልፈው መንገድ ላይ በአንድ እግር ሲረገጡ ነው። ደህናው ወገን ይይዛል፣ የተበላው ይለቃል፤ ትራክተሩ ወደያዘው ወገን ይታጠፋል። ከኋላ ተሳቢ ካለ ደግሞ ተሳቢው መግፋቱን አያቆምም። ማሲ ፈርጉሰን 135 ክብደቱ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ነው። 30 ኩንታል የጫነ ተሳቢ የጭነቱ ክብደት ብቻ 3 ቶን ነው። ገፊው ከተገፊው እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው፣ ብዙዎቹም የላቸውም፣ ትራክተሩ በወገቡ ተሰብሮ ወደ ጎን ይገለበጣል።

ትራክተር ሲገለበጥ ሾፌሩን ከሥሩ እንዳያደርገው የሚከላከለው የብረት ቅስት ወይም ካቢን አሮጌዎቹ ላይ የለም። አዲስ ትራክተር ያለዚህ መከላከያ እንዳይሸጥ ስዊድን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን እንግሊዝ ደግሞ በ1970 ነው። ከዚያ በፊት ተሠርተው ወደ እኛ አገር የመጡት ሾፌሩን ከፍቶ በሚያስቀምጥ ወንበር ነው የመጡት። በመሆኑም በእኛ ተዳፋት ላይ ለሾፌሩ ያለው መከላከያ ትራክተሩ አለመገልበጡ ብቻ ነው፤ ያንን የሚወስነው ደግሞ ፍሬኑ ነው።

ታምቡሩ መበላቱን ለማወቅ ጎማ መፍታት የግድ አይደለም። ሁለቱን ፔዳሎች ከመቆለፊያቸው አላቅቆ አንድ በአንድ መርገጥ ነው። አንዱ ወደ ታች ጠልቆ ከገባ፣ ሌላው ከላይ ከያዘ በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ። ከረገጡ በኋላ እንደ ብረት ፍጭት ያለ ድምፅ ከተሰማ ሸራው አልቆ የሪቬቱ ራስ ታምቡሩን እየፋቀ ነው። ከጎማው በውስጥ በኩል፣ በቸርኬው ላይ፣ አቧራ የያዘ ጥቁር ዘይት ወርዶ ከታየ ደግሞ ችግሩ ከታምቡሩም ያለፈ ነው። ቁልቁለት ከወረዱ በኋላ በሁለቱም ወገን ቸርኬው ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጎ ማየትም ይጠቅማል፤ በአንዱ ወገን ቶሎ የሚተን፣ በሌላው የሚቆይ ከሆነ ሥራውን ብቻውን እየሠራ ያለው የትኛው እንደሆነ ያሳያል።

አዘውትሮ የሚሠራው ስህተት ሸራውን ብቻ ቀይሮ ታምቡሩን መተው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሸራ ርካሽ ነው፣ ታምቡር ውድ ነው፤ ሸራ በቅርብ ይገኛል፣ ታምቡር ግን ፍለጋ ያስኬዳል። ነገር ግን የተበላ ታምቡር ውስጡ ከመጀመሪያው ልኩ ይሰፋል። አዲሱ ሸራ የተሠራው ለመጀመሪያው ልክ ስለሆነ ከሰፋው ግድግዳ ጋር የሚነካካው በመሐሉ ብቻ ነው። ጫፍና ጫፉ አየር ላይ ይቀራል። ታምቡሩ ላይ ትልም ካለ ደግሞ ሸራው የሚነካው የትልሙን ጠርዝ ነው፤ በጥቂት ቀናትም በዚያው ቅርጽ ይበላል። ባለቤቱ ሸራው የማይረባ ነው ብሎ ሌላ ይገዛል። እንዲህ እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ ከገዛ በኋላ ሲሰላ ያወጣው ገንዘብ ከታምቡሩ ዋጋ ብዙም ላይርቅ ይችላል። ፍሬን አልባ የሠራበት ወቅት ግን በሂሳቡ አይገባም።

ሥራው ሲጀመር የመጀመሪያው ጥንቃቄ አቋቋም ላይ ነው። ትራክተሩ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይቁም። አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ከተነሳ በኋላ ማርሽ ውስጥ ማስገባት ትራክተሩን አይዘውም። በዲፈረንሻሉ ምክንያት የተነሳው ጎማ ወደ ኋላ እየዞረ መሬት ላይ ያለው ወደ ፊት ሊሄድ ይችላል። የፔዳሉ ማቆሚያም ቢሆን የሚይዘው እነዚያኑ ሊፈቱ የተዘጋጁ ሸራዎች ነው። ስለዚህ ሁለቱ የፊት ጎማዎችና መሬት ላይ የቀረው የኋላ ጎማ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዱ። የፊቱ አክስል መሐሉ ላይ እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ በመሆኑ ከአክስሉና ከሞተሩ ተሸካሚ መካከል በሁለቱም ወገን የእንጨት ሽብልቅ መግባት አለበት፤ አለበለዚያ ትራክተሩ ሲነሳ ወደ ጎን ይዘነበላል። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመሸከም አይደለም። ከተነሳ በኋላ የአክስሉ ቤት በወፍራም የእንጨት ጉማጅ ላይ ይረፍ። ድንጋይ ግን አይደረደርበትም፤ በክብደት ይሰነጠቃል።

የኋላ ጎማው በስምንት ዳዶ የታሰረ ነው። ዳዶዎቹ ጎማው መሬት ላይ እያለ ይላሉ፤ ከዚያ ይነሳል። ጎማው ውስጥ ለክብደት ውኃ ተሞልቶ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ውኃ የያዘ ጎማ ሁለት ሰው ይዞት ሊያቆመው የሚችለው ዓይነት አይደለም፤ ከተዘነበለ እግር ይሰብራል።

ጎማው ሲወጣ ታምቡሩ በሁለት ጠፍጣፋ ራስ ባላቸው ቪቴዎች ተይዞ ይታያል። እነሱ ከወጡ በኋላ ታምቡሩ ተስቦ መውጣት አለበት፤ ግን በዚህ ዕድሜ በቀላሉ አይወጣም። የታምቡሩ ጠርዝ ሳይበላ ስለሚቀር ከንፈር ይፈጥራል፤ ሸራውም ከዚያ ከንፈር ጀርባ ይቀረቀራል። መፍትሔው መዶሻ አይደለም። ለዚሁ በተተወው ቀዳዳ በኩል ካቻቪቴ አስገብቶ ጥርስ ያለውን የማስተካከያ ጎማ ወደ ማላላቱ ማዞርና ሸራዎቹን ወደ ውስጥ መሰብሰብ ነው። ከዚያ በኋላ በእንጨት ወይም በመዳብ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ታምቡሩ ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ ብረት ነው፤ ሙቀት ይችላል፣ ምት ግን አይችልም። ጠርዙን በከባድ መዶሻ የመታ ሰው ደህና የነበረውን ይሰብረዋል። የተሰነጠቀውን በብየዳ ማያያዝም አይገባም፤ ቁልቁለት ላይ ሲግል በዚያው መስመር መልሶ ይከፈታል።

ታምቡሩ ሲወጣ ውስጡን የሚሞላ ጥቁር ዱቄት አለ። ይህን ዱቄት በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር ማራገፍ በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው፤ ሊቀር ይገባል። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ይይዙ ነበር። የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር እንደሚያስከትል የታወቀ ነው። በውኃ አርሶ በጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁንም እርጥብ እንዳለ ቋጥሮ መቅበር ይሻላል። ተለማማጅ ልጆች በዚህ ሥራ ላይ አጎንብሰው የሚውሉ በመሆናቸው ጉዳዩ የጋራዥ ባለቤቶች ኃላፊነት ነው።

አሁን ታምቡሩን መመርመር ነው። ጣት ሲያልፍበት የሚያደናቅፍ ትልም፣ ከሙቀት የመጣ ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ስንጥቅ ካለ ክርክር የለም፤ ይጣላል። ትልም ብቻ ከሆነ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጨት ይቻላል፤ ነገር ግን መላጨት ታምቡሩን ይበልጥ ያሰፋዋል፣ ግድግዳውንም ያሳሳዋል። የሳሳ ግድግዳ ሙቀት አይችልም። አንድ ጊዜ በስሱ የተላጨ ታምቡር ሊያገለግል ይችላል፤ ደጋግሞ ቶርኖ የገባ ግን ለሜዳ እንጂ ለአምባሰል ቁልቁለት አይሆንም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ቁርጥ ያለ ነው፤ ተሳቢ ለሚጎትት ትራክተር ታምቡር ይቀየር፣ ሲቀየርም ሁለቱም በአንድ ላይ ይቀየሩ። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ሆኖ መገጠሙ ሲሸሹት የነበረውን ልዩነት በገንዘብ ገዝቶ መመለስ ነው።

ነገር ግን ታምቡሩንም ሸራውንም ቀይሮ ሥራው ከንቱ የሚሆንበት አንድ ምክንያት አለ። እሱም ዘይት ነው። በዚህ ትራክተር ላይ የካምቢዮው፣ የዲፈረንሻሉና የኋላ ማንሻው ዘይት አንድ ነው። ያ ዘይት በአክስሉ ቤት ውስጥ እስከ ጎማው ድረስ ይዘልቃል። ከፍሬኑ የሚለየው አንድ የዘይት ማገጃ ጎማ ብቻ ነው። ማገጃው ሲያረጅ ወይም ኩሽኔታው ተበልቶ አክስሉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዘይቱ ወደ ሸራው ያልፋል። ተዳፋት ላይ ጎን ለጎን በሚታረስበት ጊዜ ዘይቱ ወደ ታችኛው ወገን ስለሚያጋድል ማገጃው የበለጠ ይጨነቃል። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይትም እንዲሁ ያደርጋል። ሜዳ ላይ ሲያርስ የማያፈስ ትራክተር ሐይቅ ዙሪያ ባለው ተዳፋት ላይ ሊያፈስ ይችላል ማለት ነው።

ዘይት የጠጣ ሸራ ከእንግዲህ ሸራ አይደለም። በቤንዚን አጥቦ፣ አንዳንዴም በእሳት አቃጥሎ መልሶ የሚገጥም አለ። ለአንድ ቀን ይይዛል፤ ሲግል ግን ውስጥ የቀረው ዘይት ወደ ላይ ይወጣና መልሶ ይንሸራተታል። ሲግል የሚንሸራተተው ደግሞ ረጅም ቁልቁለት መሐል ላይ ነው። ስለሆነም ዘይት የታየበት ወገን ማገጃው ሳይቀየር አዲስ ታምቡር መግጠም አይገባም። ማገጃው ዋጋው ከሁሉም ዕቃ ዝቅተኛው ነው፤ እሱን ለመቀየር ግን አክስሉ መውጣት፣ ኩሽኔታውን የያዘው ቀለበትም መፈታት ስላለበት ሥራው ከባድ ነው። ይህ በማሳ ዳር በመዶሻና በጩቤ የሚሠራ አይደለም። አክስሉን አውጥቶ መጫኛ ማሽን ወዳለበት ጋራዥ መውሰድ ነው። አክስሉ ሲወጣ በመካከል የሚገኙት ስስ የብረት ማስተካከያዎች በስንት ብዛት በየትኛው ወገን እንደነበሩ ተቆጥሮ ይያዝ፤ የአክስሉን የጎን መላወስ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንዱ ቢጎድል አዲሱ ኩሽኔታ በወር አያልቅም ማለት አይቻልም።

ዕቃው ከየት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን ያስጨንቃል። እንደ ዕድል ሆኖ የዚህ ትራክተር ቅርጽ ከኮቨንትሪ ጋር አብሮ አልሞተም። ህንድ ውስጥ ታፌ፣ ፓኪስታን ውስጥ ሚላት የተባሉት ፋብሪካዎች በማሲ ፈርጉሰን ፈቃድ ተመሳሳይ ትራክተሮችን ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል። ለዚህም ነው ግማሽ ምዕተ ዓመት ላለፈው ማሽን ዛሬም አዲስ ታምቡር የሚገኘው። ሁሉም አንድ አይደለም እንጂ። ስለዚህ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ የሚሄድ ሰው የሞዴሉን ስም ብቻ ይዞ መሄድ የለበትም። አሮጌውን ታምቡር ተሸክሞ ይሂድ። ካልቻለ የውስጡን ስፋት፣ የጥልቀቱን፣ የመሐሉን ቀዳዳ ስፋትና የቡሎን ቀዳዳዎቹን ብዛትና ርቀት በትክክል ለክቶ ይያዝ። አዲሱን ደግሞ ከመክፈሉ በፊት በካሊፐር በሦስት አራት ቦታ ይለካው፤ ክቡ ክብ ካልሆነ ፔዳሉ እግር ሥር ይዘላል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በደርግ ዘመን ናዝሬት ላይ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በተተከለው መገጣጠሚያ የወጡት የቤላሩስ ትራክተሮች ፍሬናቸው በዲስክ የሚሠራ እንጂ ታምቡር አይደለም። ከዚያው ከማሲ ቤተሰብ 165 የሚባለውም ትልቁ ወንድም እንዲሁ ዲስክ ነው። እስካሁን የተባለው ለእነሱ አይሠራም።

በሌላ በኩል አገር ውስጥ ብረት አቅልጦ ዕቃ የሚቀዳ አቅም የለም ማለት አይቻልም፤ የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካ ለዚህ ዓይነት ሥራ የተቋቋመ ነው። አንድ ባለ ትራክተር ሁለት ታምቡር ልቅዳ ቢል ማንም አይሰማውም። የገበሬዎች ዩኒየኖች የአባሎቻቸውንና በአካባቢው ለኪራይ የሚሠሩትን ፍላጎት ሰብስበው በአንድ ላይ ቢያዝዙ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በጋራ እንደሚመጣው ሁሉ ታምቡርና የዘይት ማገጃ በጋራ የማይመጣበት ምክንያት አይታየንም። በኪራይ ውል ላይም የሚነሳው የጥማድ ዋጋና የነዳጅ ጉዳይ ነው። እህሉንና ልጁን ተሳቢው ላይ የሚጭን አርሶ አደር ስለ ፍሬኑ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ወደ ገጠማው እንመለስ። አዲስ ታምቡር ዝገት እንዳይዘው ዘይት ተቀብቶ ይመጣል። ያ ዘይት በቤንዚን ተጠርጎ ይውጣ፤ በናፍጣ አይሆንም፣ ናፍጣ ራሱ ቅባት ይተዋል። የአክስሉ ፊት ላይ ያለው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፤ በመካከል የቀረ የዝገት ቅርፊት ታምቡሩን አጣሞ ያስቀምጠዋል። የሸራዎቹ መሳቢያ ሞላዎች ከላሉ ይቀየሩ፤ ሞላ ካልሳበ ሸራው ታምቡሩን እየታከከ ያግላል። ሸራው የሚንቀሳቀስባቸው ነጥቦች ላይ ጥቂት ግራሶ ይበቃል፤ የበዛው ተንጠባጥቦ እሸሻለሁ ያሉትን ዘይት በገዛ እጅ ማስገባት ይሆናል።

ጎማው ከተገጠመ በኋላ ገና አየር ላይ እያለ ማስተካከያው ጎማው እስኪቆም ድረስ ይጠበቅ፤ ከዚያ ጥርስ በጥርስ እየላላ ጎማው በነፃ ሲዞር ይቁም። ሁለቱም ወገን እንዲሁ። ፔዳሎቹ ሳይቆለፉ ሲረገጡ በእኩል ጥልቀት መያዝ አለባቸው።

ፈተናው ደልዳላና ደረቅ አፈር ላይ ነው። ፔዳሎቹ ይቆለፋሉ፤ ያለ ተሳቢ፣ በቀስታ እየሄዱ ፍሬን ይያዛል። ከዚያ ወርዶ ዱካውን ማየት ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አፈሩ ላይ የፋቁት መስመር እኩል ከሆነ ሥራው ተሠርቷል። አንዱ ረዝሞ አንዱ ካጠረ ትራክተሩ ገና መንገድ አይወጣም። አዲስ ሸራ ከአዲስ ታምቡር ጋር እስኪላመድ ጊዜ ስለሚፈልግ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ጭነት ባይጎትት ይመረጣል፤ ከዚያም ማስተካከያው እንደገና ይታይ።

ጥሩ ፍሬን ያለውም ቢሆን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አይወረድም። ዳገቱ ጫፍ ላይ ከመድረስ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት፣ ከዚያ ፍሪሲዮን አለመንካት ነው። መሐል ላይ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን የረገጠ ሾፌር የሞተሩን መያዣ ለቀቀ፤ ታምቡሮቹን ብቻቸውን ከተሳቢው ጋር አፋጠጣቸው። ክረምት ላይ ጅረት ተሻግሮ ወዲያው ቁልቁለት የሚጀምርበት ቦታም አለ። ታምቡር ውስጥ የገባ ውኃ እስኪደርቅ ድረስ ፍሬኑ ይንሸራተታል። ስለሆነም ከተሻገሩ በኋላ ሜዳው ላይ እያሉ በቀስታ ደጋግሞ ይዞ ማድረቅ ይገባል። የገባው ጭቃና አሸዋ ግን በዚህ አይወጣም፤ ታምቡሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፍቀው እሱ ነው።

ለሥራው የሚመቸው ጊዜ አጭር ነው። መኸሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ተሰብስቦ፣ ተወቅቶ፣ ጭነቱ ካለቀ በኋላ የበልጉ ዝናብ በየካቲት መጥቶ እርሻ እስኪጀመር ድረስ ያለው ጥር ነው። ተሳቢ የመጎተቱ ወቅት ገና ስላበቃ ፍሬኑ ምን እንደደረሰበት በደንብ የሚታይበት ጊዜም ይኸው ነው። ዕቃው እስኪገኝ፣ ቶርኖ ቤቱ ተራ እስኪደርስ ድረስ ትራክተሩ ቢቆም የሚያጣው ሥራ አነስተኛ ነው። ሥራው ሲያበቃ የተገጠመው ታምቡር ልክ፣ የዘይት ማገጃው ቁጥርና የተቀየረበት ቀን በቀለም በጭቃ መከላከያው የውስጥ ገጽ ላይ ይጻፍ። ትራክተሩ እጅ ሲቀይር ወረቀቱ ይጠፋል፤ ያ ጽሑፍ ግን አብሮት ይሄዳል።